ሦስቱ የለሞች

ሆስፒታሉ ውስጥ ቲቸር ብሎ የማይጠራት አልነበረም፤ እሷ ግን በዕድሜዋ አስተምራ አታውቅም። የመድኃኒት ዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ይህ ስም የወጣላት ዋናው መጋዘን የውጭ አገር ሰዎች እጅ ከገባ ወዲህ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰውዬ ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰማም፤ እኛ "የለም" ብለን የምንገላገለውን ነገር እሱ ሦስት ቦታ ከፍሎ ነው የሚጠይቀው።

ሾርት ካሉት ዕቃው አለ፣ ግን ሊያልቅ ነው ማለት ነው፤ መኪና የሚልከው ሐሙስን ጠብቆ ነው። አውት ካሉት ያለው ሁሉ በወረቀት ወጥቶ አልቋል ማለት ነው፤ መኪናው ወዲያው ይነሳል። ሚሲንግ ካሉት ደግሞ የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የለም። ያን ጊዜ መኪናውን እርሱት። ክፍሉ ይታሸጋል፣ ቆጣሪ ይመጣል፣ ቆጠራው እስኪያልቅ አንዲት ኪኒን አትገባም፣ አትወጣም።

ቲቸር ይህን በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው ስታስረዳ የበር ጠባቂውን መላጣ ምሳሌ አድርጋ፣ የጋሼ ፀጉር ሾርት ነው ወይስ አውት ብላ ጠየቀች። እሳቸው ምን ተዳቸው፣ መታወቂያቸውን አወጡና፣ እዚህ ፎቶው ላይ ጎፈሬ አለኝ፣ ራሴ ላይ የለም፣ እንግዲህ ሚሲንግ ነው ብለው ሰዉን በሳቅ ገደሉት። ከዚያ ወዲያ ቃሎቹን የሚሳሳት አልተገኘም።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተረኛዋ አዋላጅ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ብሏል። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን የደም ማቆሚያ መርፌ ሰጥታ ጨርሳለች፤ ሌላ ትፈልጋለች፣ አሁኑኑ። ቲቸር ይህማ ምን ችግር አለው ብላ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ካርዱ ሃያ ይላል፤ አርብ ዕለት በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። ካርቶኑን ስታነሳው ቀለላት። ባዶ ነው።

ላይኛውን መደርደሪያ አየች፣ ታችኛውን አየች፣ የሌላውን መድኃኒት ካርቶን ሁሉ ዘረገፈች። የለም። ሃያ መርፌ እግር አውጥቶ አይሄድ መቼም። ይህን ስትል ሐኪሙ ከማዋለጃ ክፍል ደወለ። ግማሽ ሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ማኅፀኗን አውጥቼ ነፍሷን አተርፋለሁ አላት። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዋናው መጋዘን እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ደግሞ፣ ካልተዘጋጋ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ቲቸር የስልኩን እጀታ ይዛ ቆመች። እውነቱ ሚሲንግ ነው። እውነቱን ከተናገረች ግን የሚመጣው ቆጣሪ እንጂ መርፌ አይደለም። አውት ካለች መኪናው ይነሳል፤ ነገ ሃያውን ለማን ሰጠሽ፣ የወጪ ወረቀቱ የታለ ሲሏት ግን አፏን ይዛ ነው የምትቀረው። ሌባዋ እሷ ትሆናለች። መባረሩስ ይሁን፣ መታሰርም አለበት፤ ሁለት ልጆች የምታሳድገው ለብቻዋ ነው። ፈራች፤ ግን ደወለች።

ሰውዬው ጠርጣራ ነው። አውት ነው ወይስ ሚሲንግ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ንግግሩ እንደሚቀዳ ታውቃለች።

"አውት ነው። አልቋል። እባክህ ቶሎ በል።"

ከዚያማ ያ ጥበቃ ጥበቃ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው መንገዱ መሃል ቆሙ። ቲቸር አንዴ ሰዓቷን አንዴ መንገዱን ታያለች። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሠላሳ ሆነ። መኪናው ሲገባ አርባ አልፎ ነበር። ካርቶኑን ነጥቃ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች፤ ልጅቷ ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባች አሥር ደቂቃ ሆኗታል።

ነፍሷ ተረፈ። ማኅፀኗ ግን ወጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ለከሰዓቱ ተራ ገቡ። እትዬ የአዋላጆቹ ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ የቲቸርንም ሁለት ልጆች የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። የጠዋቱን ጉድ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ሻይ ክፍል ሄዱ፤ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱና የቲቸር ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሃያው መርፌ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጥጥ ልውሰድ ብለው ቁልፍ የተዋሷት ጊዜ ነው የወሰዱት። ቁልፍ ለማንም አይሰጥም፤ ግን እትዬን ማን እምቢ ይላል? ባለፈው ወር እሑድ፣ ዕቃ ክፍሉ ተዘግቶ ሳለ፣ አንዲት እናት እጃቸው ላይ ልትቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ፍርሃት ይይዛቸዋል። ሰኞ ማልደው ሊመልሱት አስበው ነበር፤ ተራቸው ወደ ከሰዓት ተቀየረ። እንዳይወሰድባቸው ብለው ለማንም አልተናገሩም። ልጅቷ ደሟ ሲፈስ መርፌው ከአንድ ግድግዳ ወዲያ፣ ሻይ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ቲቸር ተናደደች፤ መጮኽ አማራት። መልሳ ደግሞ አዘነችላቸው። ሐዘኑም ንዴቱም ሳይበርድላት አንድ ነገር ታያት። የወጪ ወረቀት አወጣች፣ የቅዳሜን ቀን ጻፈች፣ ሃያ መርፌ ለማዋለጃ ክፍል ብላ ሞላች። እትዬ ከፈረሙ ካርዱ ይስተካከላል፤ ስልክ ላይ የተናገረችውም እውነት ይሆናል፤ እሷም አትጠየቅ፣ የእትዬም ጡረታ አይነካ። እትዬ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ሊፈርሙ ሲሉ እጃቸው ቆመ።

"ይሄ ወረቀት ዛሬ ጠዋት መርፌው እኛ ክፍል ነበር ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"ተረኛዋ ማን ነበረች?"

ቲቸር በበሩ ወደ ውጭ አየች። ተረኛዋ አዋላጅ ከኮሪደሩ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ታለቅሳለች። ሃያ መርፌ እያለ ሴት አስደማች ተብሎ የሚጻፈው በእሷ ስም ነው። ይህ ነገር ለቲቸር አልታሰባት ኖሯል፤ አፈረች።

እትዬ ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። ለመጋዘኑ ሰውዬ እውነቱን አንድ በአንድ ጻፊለት፣ ቁልፍ መስጠትሽንም አትደብቂ፣ እኔ እፈርማለሁ አሏት። ለልጅቷ ግን ራሳቸው በአፋቸው እንደሚነግሯት ተናግረው ተነሡ። ቲቸር ብቻቸውን ልትሰዳቸው አልቻለችም፤ ተከተለቻቸው።

ልጅቷ ከማደንዘዣው ነቅታ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታለች። እርግዝናዋን ዘጠኝ ወር የተከታተሉላት እትዬ ነበሩና ስታያቸው ፊቷ በራ። ማኅፀኗ መውጣቱን ገና የነገራት የለም።

"መጡልኝ እትዬ? ሴት ናት፣ አዩልኝ?" አለች። "ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ ብለው ይመርቁኝ እንግዲህ።"

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና እጇን ያዙ።