ያልተረገጠችው ሴትዮ

ኤቬልዮ ዕድሜውን ሙሉ ከአንቲጓ እስከ ጓቲማላ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ሰዓሊ ሆነ። ማን አስተማረህ ሲሉት «ኩርባው» ይላል። የዚያን ተራራ ጠመዝማዛ ያለ ፍሬን የወረደ ሰው የሴት ጉንጭ ማዞር አያቅተውም ባይ ነው።

እውነተኛው አስተማሪው ግን ፋርማሲው ለደንበኞቹ ያደለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር። በየወሩ ገጽ አንድ የዓለም ዝነኛ ስዕል አለበት። ሰው ሁሉ ወር ሲያልቅ ገጹን ይገለብጣል፤ ኤቬልዮ ግን ከመጋቢት አልወጣም። መጋቢት ላይ ሞናሊዛ ነበረቻ።

«ዛሬም መጋቢት ነው?» ትለዋለች ሚስቱ ኦቲልያ፣ ጥቅምት ሲጋመስ።

«እስክትስቅልኝ ነው።»

«እኔ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ መቼ ስቄልህ አውቃለሁ?»

በካርቶን ሣላት፣ በመስኮት መዝጊያ ሣላት፣ በአሮጌ የአውቶቡስ ወንበር ጀርባ ሳይቀር ሣላት። አንዷ ቁርጥ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካዩን ቶሪቢዮን መስላ ወጣች። ቶሪቢዮም አይቶ፣ «ዶን ኤቬልዮ፣ ጢሜን የት አደረስከው?» አለው። መንደሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀበት።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ኒኔት ምጥ ጠናባትና ሐኪሞቹም ፊታቸውን አዞሩ። ኦቲልያ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ለጌታ ተሳለች፦ ልጄን ከነልጇ ካተረፍክልኝ፣ በጾሙ እሑድ በደጄ ስታልፍ ከእግርህ ሥር ምንጣፍ አነጥፍልሃለሁ። ኒኔት ተረፈች፤ ሕፃኗም ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ የምትጮህ ጤነኛ ሆነች።

በአንቲጓ ምንጣፍ የሚነጠፈው በቀለም በተነከረ ሰጋቱራ ነው፤ ድንጋዩ ላይ፣ በእጅ፣ በወንፊት። የሚነጠፈውም ሊረገጥ ነው። በሰልፉ የጌታን ምስል የተሸከሙት ረግጠው ካላጠፉት ስለቱ አልደረሰም። የኦቲልያ ጉልበት ግን አብጦ መታጠፍ እንቢ አለ።

«ለእኔ ተይው» አላት ኤቬልዮ።

«ቶሪቢዮን ሣልና ጌታ ሳቁ ያምልጠው!»

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ጀመረ። የመጋቢትን ገጽ በእርሳስ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፈለ፤ መንገዱንም በገመድ እንደዚያው። ጡብ ላይ በተጋደመ ሳንቃ በሆዱ ተኝቶ፣ ሰጋቱራውን በሁለት ጣቱ እንደ ጨው ቆንጠር እያደረገ በተነ። ለቆዳዋ የበቆሎ ዱቄትና ቀረፋ ቀላቀለ። ቶሪቢዮ ነፋስ እንዳይበትነው ውሃ ይረጭለታል።

እኩለ ቀን ላይ አፏ ወጣ።

ኤቬልዮ ከሳንቃው ወርዶ አያት፤ እጁንም አየ። ማመን አቃተው። ያቺው ነበረች። ልትስቅ ነው፣ ልትተወው ነው፣ አይታወቅም።

ሰው ተሰበሰበ።

«ማን የምትባል ቅድስት ናት?»

«ቅንድብ የላትም እኮ!»

«የሣላት ሰውዬ» አለ ኤቬልዮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «አፏ ላይ ብቻ አሥራ አራት ዓመት ቆየ። ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት ‹ቆይ፣ ከንፈር ላይ ነኝ› ይላት ነበር። በመጨረሻ ጎረቤቱ ምሳውንም ሚስቱንም ወሰደ።»

ሳቁ ሳይበርድ ኦቲልያ በር ላይ ብቅ አለች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማ ቁልቁል አየች። ብዙ አየች።

«አንተ ነህ ይሄን የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ» አለችው። አብረው በኖሩበት ዘመን ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። «ማንም ትሁን ማን፣ እንግዲህ ጌታ ይለፍባትና ስለቴ ይድረስ።»

 ልትረገጥ እንደሆነ ኤቬልዮ ረስቶት ኖሯል።

ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ ኤቬልዮ ሲጋራ ልገዛ ብሎ ወደ ማዕዘኑ ሮጠ። ሰማንያ ሰው የሚሸከመው፣ የጌታ ምስል ያለበት፣ አንዳ የሚሉት ትልቅ ቃሬዛ እየተወዛወዘ ይመጣል። ከፊቱ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰው ዶን ፌርሚን በበትሩ መንገድ ያሳያል።

«ዶን ፌርሚን፣ በእኛ መንገድ እንዳታልፉ! ከሥሩ ያለው የድሮ ቦይ ተደርምሷል።»

«ምን ትላለህ አንተ!»

«ትናንት የጋዝ መኪና ጎማው ሰምጦ በስንት መከራ ወጣ። ጠጠር ወርውሬ ነበር፤ ሲያርፍ እስካሁን አልሰማሁም። ያን ሁሉ ሰው፣ ጌታንም ጨምረህ፣ ልትቀብር ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ዶን ፌርሚን ይስቅ ነበር። ሰማንያ ትከሻ ሲጠብቅ ግን ማን ይደፍራል? በትሩን አነሳ። አንዳው ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው መንገድ ዞረ።

መንገዱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ለኤቬልዮ የገባው ሲመለስ ነው። ባሏ የሞተባት ዶኛ ቻዮ ከአበባ ምንጣፏ ዳር ተንበርክካለች። የቶሪቢዮ ልጆች በሰጋቱራ የሠሩትን ጠማማ በግ ከበው አንገታቸውን አስግገዋል። ሁሉም ወደ ማዕዘኑ ያያል።

«ከበሮው ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች ኦቲልያ።

«መንገዱ ተደርምሷል ተባለ።»

«ማን አለ?» አለ ቶሪቢዮ። ድንጋዩን በተረከዙ ደግሞ ደጋግሞ ደለቀው። ምንም ያልሆነ ድንጋይ ነው። ቀና ብሎ ኤቬልዮን አየው፤ መንገዱ ሁሉ አየው። 

«ጌታ ልጄን አልከለከለኝም» አለች ኦቲልያ በቀስታ። «አንተ የሰጋቱራ ሴት ከለከልከው።»

እየቃተተች ጎንበስ አለች። ከሞናሊዛ ደረት ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ሽርጧ ላይ አደረገች።

«እኔ ሮጬ ከእግሩ ሥር ላድርሰው፣ ኦቲ።»

«እንዳትነካው!»

ባበጠ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ ታችኛው መንገድ ሄደች። ከበሮው ደግሞ እየራቀ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጠራጊዎቹ መጡ፤ ከሰልፉ ኋላ ሁልጊዜ እንደሚመጡት፣ መጥረጊያና አካፋ ይዘው። አለቃቸው ሞናሊዛ ራስጌ ቆሞ እግሩን ሰበሰበ።

«እግር አልነካትም?»

«አልነካትም» አለ ኤቬልዮ።

«ጌታ ያልረገጠውን እኔ አልጠርግም፤ ልጆች አሉኝ። ባለቤቱ ይጥረግ።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎለት አለፈ።

ኤቬልዮ ሰው ፈለገ። በሮች ተዘግተዋል። ከእጆቿ ጀመረ፤ ፊቷን ላለማየት ጎኑን ሰጥቶ ጠረገ። ቀረፋው ሸተተው።

ኦቲልያ በማዕዘኑ ስትመለስ ሽርጧን አሁንም በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ሰልፉ ላይ አልደረሰችም። ኤቬልዮ መጥረጊያውን አቆመ። አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ ሽርጧን ክምሩ ላይ አራገፈች።

«ፊቷ ቀርቷል» አለችው። «ጥረግ።»