የጎብኔት ክሮኒን መቃብር

ኖሪን እንደገና «ጎብኔት ክሮኒን» ብላ ጻፈች። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር በጋብቻ መዝገቡ እንዲህ ያለች ሙሽራ የለችም አላት።

ወንድሟ ኮን ሳሎናቸው ውስጥ በሬሳ ሣጥን ተጋድሟል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይቀበራል፤ የት እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሁለቱን ያሳደገቻቸው አያታቸው ጎብኔት ናት። እናታቸው እንግሊዝ አገር ሆቴል ስታጸዳ ኖራ እዚያው ቀረች። ኮን ታሞ ሳለ የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ ከአያቱ ጋር መቀበር። አያቲቱ ያረፈችው በአሮጌው መካነ መቃብር፣ በክሮኒኖች መቃብር ነው። እዚያ የቀረው የአንድ ሣጥን ቦታ ብቻ ነው። ዴርሞት ክሮኒን ደግሞ ቦታውን ለእናቱ ይፈልገዋል።

ትናንት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ የሻይ ስኒውን እንደያዘ በር ላይ አነጋግሯት ነበር።

«ኖሪን፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ግን እናቴ አልጋ ላይ ናት። አባቴም እዚያ ነው ያለው።»

«አያቴስ? እሷ ክሮኒን አይደለችም እንዴ?»

«በእኛ ቤት ጎብኔት የምትባል ልጅ አልተወለደችም። አባቴ ለጽድቅ ብለን ነው ያስገባናት ይል ነበር።»

«ለጽድቅ? አባትህ ለድመት እንኳ ወተት የማይሰጥ ሰውዬ!»

«የሞተ ሰው አይሰደብም» አለ ዴርሞት፤ ሳቁ ግን አመለጠው። «የጋብቻዋን ወረቀት አምጪ። የክሮኒን ልጅ ከሆነች አፌን እዘጋለሁ።»

ኖሪን ከወንበሩ ልትነሳ ስትል ፖስታ ቤቱ ትዝ አላት። አያቷ ጡረታዋን ልትቀበል ስትሄድ ጸሐፊው «አቢጌል!» ብሎ ይጣራ ነበር። ጎብኔት የጥንቱ የአገሩ ቋንቋ ስም ነው። የመንግሥት ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ስለቸገራቸው አቢጌል እያሉ ይጽፉት ነበር። ኮን በዚህ ሲያበሽቃት «አቢጌል ጡረታ ተቀባይዋ ናት፤ አንተን የምትገርፍህ ጎብኔት ናት» ትለው ነበር።

«አቢጌል ክሮኒን» ብላ ጻፈች። መዝገቡ ወጣ።

ሙሽራው ፓትሪክ ሌሃን፣ የቀን ሠራተኛ። አያቷ መጻፍ ስለማትችል በስሟ አጠገብ የመስቀል ምልክት አድርጋለች። ኖሪን ምልክቱን በጣቷ ነካችው። ከዚያ የቀረውን አነበበች። የሙሽራዋ ሁኔታ፦ መበለት። የአባቷ ስም፦ ቲሞቲ ሪርደን።

በዚህ አገር ሴት ብታገባም መንደሩ የሚጠራት በአባቷ ስም ነው። እነ ኖሪንም ክሮኒን የአያታቸው አባት ስም መስሏቸው ኖሩ። አያቷ ግን ከተራራው ማዶ የመጣች የሪርደን ልጅ ናት። ክሮኒን የመጀመሪያ ባሏ ነበር፤ መንደሩ አባቷን ስለማያውቅ በእሱ ስም ጠራት። ሌሃን እንግሊዝ አገር ሞቶ እዚያው ስለተቀበረ፣ እሷ ከመጀመሪያ ባሏ ጋር ተቀበረች። ስለዚያ ሰው ለልጅ ልጆቿ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ከሌሃን የተወለዱት እነ ኖሪን መቃብሩ ላይ ምንም መብት የላቸውም።

ወረቀቱን አሳትማ ኪሷ ከተተችው።

መካነ መቃብሩ ውስጥ ያካፋል። ቆፋሪው ታድግ አካፋውን ተደግፎ፣ ዴርሞት ግንቡን ተጠግቶ ይጠብቋታል።

«ቶሎ ወስኑ» አለ ታድግ። «ኮን እንደሆነ ሰንበሌጥ ነው፤ በጎኑም ይገባል።»

«አገኘሽው?» አለ ዴርሞት።

«አገኘሁት።»

«ክሮኒን ይላል?»

«ይላል።»

ዴርሞት ባርኔጣውን አወለቀ። ወረቀቱን ለማየት እጁን አልዘረጋም።

«እንግዲህ ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው» አለ። «ለእናቴ... እንግዲህ ምን ብዬ እንደምነግራት።»

ታድግ ምራቁን እጁ ላይ እንትፍ ብሎ አካፋውን አነሳ። የመጀመሪያው ሣር ተገለበጠ። ሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው። ኮን በመጨረሻው ሰሞን ሰው መለየት ሲያቅተው «ወደ ጎብኔት ውሰዱኝ» ይል ነበር፤ እንደ ሕፃን።

«ታድግ፣ ቆይ» አለች ኖሪን።

ወረቀቱን አውጥታ ለዴርሞት ዘረጋችለት። ጣቷን «መበለት» የሚለው ቃል ላይ አደረገች። ዴርሞት አነበበ። የሙሽራዋን አባት ስምም አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ እኮ አላየሁትም ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

ኖሪን ወደ ታድግ ዞረች።

«አዲሱ መካነ መቃብር ውስጥ ቆፍርለት» አለችው። «በሩ ጋ አይሁን፤ እዚያ ነፋስ ነው።»