ሕፃኗ የገባችበት መንገድ

ዓይኔን ስገልጥ ወንዙ የለም።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ በቀኜ ነበር፤ እስከ ኪርክሎ ድልድይ ድረስም ከጎናችን ሊለይ አይገባውም። አሁን በሁለቱም በኩል የሚታየው ነጭ ኮረብታ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ሥር ተጠጋግተው የቆሙ በጎች ብቻ ነው። የባለቤቴ አባት ዋት ተርንቡል አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስግገው ይነዳሉ። ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ገና ስም አላወጣንላትም፤ አባቷ ኢነስ በባሕሩ መካከል ካለው የነዳጅ ማውጫ እስኪመለስ እየጠበቅን ነበር።

«አባባ፣ የድልድዩን መገንጠያ አለፍነው እንዴ?»

«ተኝተሽ ነበር።»

«የጠየቅሁዎት እሱን አይደለም።»

«ልቀሰቅስሽ አልፈለግሁም፣ የኔ ልጅ። ደክሞሻል።»

ደክሞኛል፤ እውነት ነው። ግን ምን እንደተደረገብኝ እንዳላውቅ የሚያደርግ ድካም አልነበረም።

በከተማችን በኪርክሎ ሰው ወይ ላይኛ ነው፣ ወይ ታችኛ። በገበያው መካከል ከቆመው የድንጋይ መስቀል በላይ የተወለደ ላይኛ፣ በታች የተወለደ ታችኛ ይባላል። ከውጭ የመጣ ደግሞ መጀመሪያ በገባበት መንገድ ይቆጠራል፤ በኮረብታው በር ከሆነ ላይኛ፣ በድልድዩ ከሆነ ታችኛ። ከዚያ በኋላ እስከ መቃብር አይለወጥም። በቅበላ ዕለት አንዲት የቆዳ ኳስ ከመስቀሉ ሥር ወደ ሰማይ ትወረወራለች። ላይኞች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሊያደርሷት፣ ታችኞች ወንዝ ሊከቷት ይተናነቃሉ። ሱቆች መስኮታቸውን በሳንቃ ያሽጋሉ፤ የሰው ጎድን ይሰበራል፤ ማታ የሰበረውና የተሰበረው ባንድ ጠረጴዛ ይጠጣሉ።

ማዋለጃ ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ግን በኪርክሎ የሚወለድ ሰው የለም። ሁላችንም ወደ ትልቁ ከተማ ሄደን እንወልዳለን፤ ከዚያ የሚመጣ መኪና ሁሉ የሚገባው በድልድዩ ነው። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ታችኛ ሆነ። ላይኞች በየዓመቱ የሚቀብሩት እንጂ የሚተካላቸው ሰው አጡ።

እኔ ታችኛ ነኝ። አባቴ ዶድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኳሷን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እስከ አንገቱ ወንዝ ውስጥ የቆመ ሰው ነበር። እናቴ ፌሚ ደግሞ እኛ ኮረብታው ላይ ሳለን የልጅ ልጇን ለመቀበል ድልድዩ ላይ ቆማለች።

«እናቴ ብርድ ላይ ናት» አልኩ።

«ፌሚ ጠንካራ ሴት ናት።»

«እንዲህ ነው የሚሉት?»

ዋት መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከጡቴ በታች ያለው ሁሉ ያምመኝ ነበር፤ ላንድሮቨሩ በዘለለ ቁጥር ስፌቴ የሚተረተር ይመስለኛል። ልቆጣ ፈለግሁ። ቁጣዬ ግን ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ የሰው ድምፅ ነበር፤ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ፣ አይደርስልኝም።

ከኮረብታው ጫፍ ስንደርስ መንገዱ አለቀ። ነፋሱ በረዶውን ከካብ እስከ ካብ ከምሮታል። ከክምሩ ፊት የበረዶ መጥረጊያው ቢጫ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ሲም ኤሊየት በጎማው ተከልለው ከፔርሙዝ ሻይ ይጠጣሉ። ሲም ታችኛ ናቸው። በትግሉ ውስጥ ከአባቴ ትከሻ ተለይተው አያውቁም ነበር።

«ዋት! መንገዱ ተዘግቷል የሚለውን ሰሌዳ አላየኸውም?»

«አየሁት።» ዋት ከመኪናው ወረዱ።

«እና?»

«ለበጎቹ የተጻፈ መስሎኝ።»

ሲም ሊስቁ ሲሉ በመስኮቱ አዩኝና ኮፍያቸውን አወለቁ። «የዶድ ልጅ! እንኳን ማርያም ማረችሽ! በሰላም ተገላገልሽ?» ከዚያ ሕፃኗን አዩ፣ ዋትን አዩ፣ የመጣንበትን መንገድ አዩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ፈካ።

«አሃ! ላይኞች ሰው ሲያልቅባችሁ አራስ መስረቅ ጀመራችሁ!»

«የልጄ ልጅ ናት። የሰረቅሁት የለም።»

«ናት? ለሴት ልጅ ነው ይሄ ሁሉ መንከራተት?»

«አያቴ» አሉ ዋት፣ «ኳሷን ከሻሏ ሥር ሸሽጋ፣ እርጉዝ መስላ፣ በአባትህ ፊት አልፋ አጥሩ ጋ አድርሳታለች። አባትህ መንገድ መልቀቁ ሳያንስ ‹ቀስ ብለሽ እናቴ፣ ያዳልጣል› ብሏታል።»

«ይቺን ታሪክ እስክትሞት አትተዋትም?»

«አልተዋትም።»

ነፋሱ መኪናውን ወዘወዘው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በረዶው ውስጥ ቆመው፣ አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ፣ ወደ ታች ወደማይታየው ከተማ ያያሉ።

«ጥረግልን፣ ሲም» አሉ ዋት በመጨረሻ። ድምፃቸው የልመና ነበር፤ ሲለምኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሲም በፔርሙዙ ክዳን የቀረውን ሻይ በረዶው ላይ ደፉ። «ባለፈው ቅበላ ኳሷን ምሳ ሳይደርስ ወንዝ ከተትናት። ከዚያ ምን እንዳደረግን ታውቃለህ? ተያይተን ቆምን፤ ወደየቤታችን ገባን። ቴሌቪዥን አየሁ እኔ። በቅበላ ዕለት! ዶድ ቢኖር በጥፊ ይለኝ ነበር።»

«እኛም ደህና አድርገን ለመሸነፍ እንኳ ሰው አነሰን» አሉ ዋት።

«አነሳችሁ።»

«አነስን።»

ሲም ወደ መስኮቴ መጡ፤ መስታወቱን ዝቅ አደረግሁት። ቅንድባቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል። «አንቺስ? በዚህ መምጣት ትፈልጊ እንደሆነ ጠየቀሽ?»

«ተኝቼ ነበር፣ ጋሽ ሲም።»

ዞረው ዋትን አዩአቸው። አሁን ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«አራስ ተኝታ? ዋት፣ ይሄ እኮ ነውር ነው።»

ዋት መሬት መሬት አዩ። «ነውር ነው። ነቅታ እምቢ እንዳትለኝ ፈራሁ።»

«እንግዲህ ስሚኝ፣ የዶድ ልጅ። ቁልቁል እንሂድ ካልሽኝ ከፊታችሁ እጠርጋለሁ። ካልሆነም ዋት መኪናውን ያዞራል፤ ሳይወድ ያዞራል፤ በድልድዩ ትገቢያለሽ። እሱን አልሰማውም። ለራሴም ሰዎች አልፈርድም። ያልሽውን ነው የማደርገው።»

ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። አባቴን ላስብ ሞከርኩ፤ ፊቱ አልመጣልኝም። እናቴን አሰብኩ፤ መጣችልኝ፣ ግንባሯን ከነፋሱ መልሳ፣ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ። ከዚያ አልጋዬን አሰብኩ። ስንት ትውልድ የተጋፋበት ነገር በዚያች ሰዓት ወገቤ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወገቤን ደግሞ ያምመኝ ነበር።

«ቅርቡ የትኛው ነው?»

«ይሄ» አሉ ሲም። «በወንዙ ዞሮ መግባት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ።»

«በቅርቡ እንሂድ።»

የዋት ፊት በራ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ደረሰልኝ።

«ደስ እንዳይልዎት» አልኳቸው። «ለላይኞች ብዬ አይደለም። ልጄንም አልሰጠሁዎትም። ደክሞኝ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ሌላ ጊዜ ይቀሰቅሱኛል።»

«እቀሰቅስሻለሁ፣ ልጄ።»

የበረዶ መጥረጊያው አጉረምርሞ ተነሣ። ከኋላው ቀስ እያልን ወረድን፤ በረዶው በሁለት በኩል እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ቢጫው መብራት እየዞረ ካቡን ያበራና ያጠፋል። ልጄ ነቅታ አለቀሰች። ጡቴን ሳወጣላት ዋት የኋላ ማያውን መስታወት ወደ ጣሪያው መለሱት፤ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ቃል አልተናገሩም።

ከኮረብታው በር ፊት ሲም መኪናቸውን ወደ ዳር አወጡ። በሩን አላለፉም፤ ክላክስ አንዴ ነፍተው ዞሩ። ከበሩ ወዲያ ጥቂት ሽማግሌዎች በካፖርት ተጠቅልለው ቆመዋል፤ ለካ ዋት ነግረዋቸዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ እንጂ አልጮኹም። አንዱ ያለቅስ ነበር፣ ወይም ነፋሱ ነው። እጄን ላነሣላቸው ይገባ ነበር፤ አልተነሣልኝም።

ቤት ስንደርስ ዋት ደግፈው ደረጃውን አወጡኝ፤ ምድጃውን ለኮሱልኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን እንደገና ቆለፉ።

«ወዴት ነው?»

«ድልድዩ ጋ። ለፌሚ ራሴ ልነግራት ይገባል።»

ላይኛ ሰው በቅበላ ሰሞን ከመስቀሉ በታች በእግሩ አይወርድም። ወረዱ።

እናቴ ስትገባ አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ሻሏ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ሕፃኗን አላየችም፤ መጀመሪያ እኔን አየች።

«ዋት ነገረኝ። ታችኛ ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነገረኝ። እኔም ሰደብኩት።»

«ምን አልሽው?»

«የምታውቂውን ስድብ ሁሉ። ጥቂትም የማታውቂውን።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቆይ፣ አንቺን ጠየቁሽ?»

«መጨረሻ ላይ። ጋሽ ሲም ናቸው የጠየቁኝ።»

«አንቺስ?»

«ቅርቡን አልኩ።»

እናቴ ወደ እሳቱ ዞረች።

«አንቺን የወለድኩሽ አክስቴ እርሻ ላይ ነው፣ ከኮረብታው በር ውጭ። ከዚያ እስከ ቤታችን ቁልቁል አንድ መንገድ ነበር። አባትሽ ግን ጋሪ ላይ ጭኖ፣ በዝናብ፣ ወንዙን ዞሮ በድልድዩ አስገባን። በዘፈን ተቀበሉን። ደሜ በጋሪው ሳር ላይ ይወርድ ነበር።»

ያን ጉዞ አውቀዋለሁ። አባቴ በግብዣ ሁሉ ያወራው ነበር፤ ጋሪው፣ ዝናቡ፣ የወንዙ ሙላት፣ በቆዳ ተጠቅልዬ እቅፉ ውስጥ የነበርኩት እኔ። በዚያ ወሬ ውስጥ እናቴ ኖራ አታውቅም። እኔም የት ነበረች ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ጠልተሽው ነበር?»

«ለመጥላትም ጉልበት ይጠይቃል። ደክሞኝ ነበር እንጂ።» እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ተቀበለችኝ፤ የተጨበጡ ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። «ማን ጠየቀኝ? አንቺን ጠየቁሽ። ይሄ አንድ ነገር ነው።»

ከመንገዱ ድምፅ መጣ። ሽማግሌዎቹ መጠጥ ቤት ደርሰው ተመልሰዋል፤ ከመስኮታችን ሥር የላይኞችን ፉከራ ጀመሩ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ በሙሉ ጉሮሮ። እናቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሥታ መስኮቱን በረገደችው።

«እናንተ ሰካራሞች! ዝም አትሉም? ላይኛችሁ ተኝታለች!»

ፉከራው ቀጥ አለ። ከታች አንድ ሰው፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ፌሚ» አለ። የእግር ኮቴያቸው በረዶው ላይ እየራቀ ሄደ።

እናቴ መስኮቱን ዘጋች። ወንበሩን ወደ ምድጃው ስትስብ፣ ለሕፃኗ አንድ ነገር ስታንሾካሹክ ሰማሁ። የነገረቻትን ለመስማት ነቅቼ መቆየት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።