ድረምላሳና የጓሮ በር

እኛ ድረምላሳዎች የሠርግ ቀን የምንቆርጠው ቡድናችን የሚሸነፍበትን ቀን አይተን ነው። ይሄን ስናገር ጎረቤቶቻችን የኪልበራን ሰዎች ይስቃሉ። ይሳቁ! ዋንጫ የሞላው ቤት ያለው ሰው ምን ያቅተዋል? የእኛ ሰበካ ግን ስናድግም ስናረጅም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰኔ ሲገባ የአውራጃው የጌሊክ፣ በእጅም በእግርም የምንጫወተው የእኛ የአየርላንዶች እግር ኳስ፣ ሻምፒዮና ይጀመራል፣ የመጀመሪያውን ግጥሚያ እንሸነፋለን፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሣር የሚያጭድ ያጭዳል፣ ቦስተን ለሥራ የሚሄድ ይሄዳል፣ የሚያገባም ያገባል።

ስለዚህ ልጄ ደርቭላ ሎርካንን ላገባ ነው ስትለን፣ ባሌ ፊንታን ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ይሁን» አለ። «ድረምላሳ ነሐሴ ላይ በሕይወት ኖሮ አያውቅም።»

ፊንታን የቡድኑ አሰልጣኝ ነው፤ ሎርካን ደግሞ ግብ ጠባቂው። እኔ አትራክታ የአሥራ አምስቱንም ማልያ የማጥብ ሴት ነኝ፤ ጭቃውን ከእነ ሐዘኑ። አባ ኢግኔሸስ ቀኑን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። «መቼም ከእናንተ ሰበካ ሌላ በኳስ ወራት መሃል የሚያገባ የለም» ብለው መዘገቡልን።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ልናገር። ሎርካን ደርቭላን መጀመሪያ የጠየቃት በገና ነበር። እንቢ አለችው። «ከኳስና ከትራክተር ሌላ ወሬ የለውም፣ እማዬ፤ ዕድሜ ልኬን ስለ ጎማ ልሰማ ነው?» አለችኝ። ልጁ የብርዱን ወራት አንገቱን ደፍቶ ከረመ። ፋሲካ ሲደርስ ማልያ በማሰጣበት መጥቶ ቆመ፤ መሀረቡን እያሸ።

«አትራክታ፣ ደግሜ ብጠይቃት ትገድለኛለች?»

«ብትገድልህም አንዴ ነው፤ ሂድ!» አልኩት።

ሄደ፤ እሺም አለችው። ፊንታን የገናውን አያውቅም። ለምን ይወቅ? እሱ በሰው ሽንፈት ላይ አፉ መረን ነው፤ ልጁን እስኪሞት ይቀልድበት ነበር።

አሁን ወደ ጓሮው በር ልምጣ። ድሮ ሕጉ አጭር ነበር፦ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ባለፈው የብርድ ወራት የአውራጃው ኮሚቴ ሲሰበሰብ ግን ያ የኔ ጉድ ፊንታን ተነሥቶ ጠረጴዛ ደበደበ። «ዓመቱን ሙሉ በዝናብና በጭቃ ተለማምደን፣ አንድ ሰዓት ተጫውተን መሰናበት! ኧረ በሕግ! ጠንካራውስ አንድ ዕድል ይበቃዋል፤ ደካማ ነው ሁለተኛ የሚያስፈልገው!» ትናንሾቹ ሰበካዎች ሁሉ አጨበጨቡለት።

የኪልበራኑ አሰልጣኝ ማላኪ ግን ቁጭ ባለበት ሆኖ፣ «አንዴ የተሸነፈ ሁለቴ ቢሸነፍ ትርፉ ምንድን ነው? ሁለት ጊዜ ማልቀስ» አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ከማላኪ ጋር ነበርኩ። የሁለተኛውን ልቅሶ ማልያ የማጥበው ማን ሆነና!

ሐሳቡ ግን አለፈ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ የተሸነፉት እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ የተረፈው ተመልሶ ከአሸናፊዎቹ ጋር ይቀላቀላል። ሰዉ «የጓሮ በር» አለው። ፊንታን የሠርጉን ቀን ሲቆርጥ ይሄንንም አስቦበታል፤ ሞኝ አይደለም። «ሁለቴ ብንሸነፍም ሐምሌ ሳያልቅ እንጨርሳለን» ነው ያለኝ።

ሰኔ ላይ ዕጣው ከኪልበራን ጋር አገናኘን። በቃ፣ ቦርሳችንን ሳንከፍት ወደ ቤት አልን። የቦስተን ትኬት የገዛው ተጠባባቂ ግብ ጠባቂያችን ሻንጣውን መኪና ውስጥ ይዞ ነው ሜዳ የመጣው።

አሸነፍን።

እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዝናቡ ዓይኔን ይዞኝ ነበር። በመጨረሻው ምት አንዱ ልጃችን ከሩቅ ለጋት፣ ኳሷ ከግቡ አግዳሚ በላይ አለፈች፣ በእኛ ጨዋታ ይሄ አንድ ነጥብ ነው፣ በዚያች በአንዷ ነጥብ አሸነፍን። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ትራክተር ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ። መንታ መንገዱ ላይ እሳት ተለኮሰ፤ የማንም አጥር ሳይቀር ተማገደ። ፊንታን አፈር ላይ ተንበርክኮ ሜዳውን ሲስም አየሁት፤ እኔን እንደዚያ ስሞኝ አያውቅም።

በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ደርቭላ እጅጌዬን ያዘችኝ። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«እማዬ፣ ነሐሴ!»

የመጀመሪያውን ያሸነፈ በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ግማሽ ፍጻሜው የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጉድ ፈላ! ፊንታን ሠርጉ ይተላለፍ አለ። ደርቭላ ሆቴሉ እስከ መጪው ዓመት ባዶ ቀን የለውም አለች። እንግዲያው ሌላ ሰው ግቡን ይጠብቅ ተባለ፤ ያ ባለ ሻንጣው ልጅ ግን ባሕሩን ተሻግሯል። ሎርካን በሁለቱ መሃል ቆሞ አንዴ ወደሷ አንዴ ወደሱ ያያል፤ አንጀቴን በላው። በመጨረሻ እኔው ቆረጥኩት፦ ጠዋት አራት ሰዓት ቅዳሴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ፣ አመሻሽ ላይ እራት። አባ ኢግኔሸስ ስብከቱን ለማሳጠር ቃል ገቡ።

«አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ፣ አባዬ» አለች ደርቭላ። «ብናሸንፍም ብንሸነፍም ሠርጌን እንዳታበላሽብኝ።»

«ምን ቆርጦኝ!» አለ ፊንታን።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ያን ሐምሌ ኪልበራኖች በጓሮው በር ገቡ። እነዚያ ፊንታን ጠረጴዛ የደበደበላቸውን ደካማ ሰበካዎች አንድ በአንድ ረፈረፏቸው። ከተራራው ሥር ያለችውን ምስኪን ሰበካ በሃያ ነጥብ ሲቀጧት፣ የተቀጡት ሰዎች አሰልጣኝ ለፊንታን ስልክ ደወለ። «ለሁለተኛው ዕድል እግዜር ይስጥልን» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። በግማሽ ፍጻሜው ማን ደረሰን? ራሳቸው ኪልበራኖች!

«አሸንፈናቸው ነበር እኮ!» ይላል ፊንታን፣ ድንቹን በሹካ እየወጋ። «ቀብረናቸው ነበር እኮ! ከመቃብር ማን አወጣቸው?»

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አልኩት።

«አሁን እነሱ ቢያሸንፉንስ እኛ በየት ነው የምንመለሰው? እነሱም አንድ ሽንፈት፣ እኛም አንድ ሽንፈት፤ እነሱ ወደ ፍጻሜ፣ እኛ ወደ ቤት?»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ድንቹን ሳይበላው ተነሣ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ አዘንኩለት። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃትን አንዲት ድል በገዛ እጁ በከፈተው በር ሊወስዱበት ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አባ ኢግኔሸስ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እንዲያውም በረከቱ ላይ «ኳሱም ይቅናችሁ» ብለው አከሉበት። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሜዳ። ሚዜዎቹ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ ሴቱ ባለ ላባ ባርኔጣውን እንደደፋ፣ ከመኪናው ጀርባ ሻይና ሳንድዊች እየተቃመሰ ሜዳውን ሞላው። ደርቭላ ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የላስቲክ ቡትስ አድርጋለች፤ ከላይ የሎርካንን የልምምድ ጃኬት ደርባለች። ማላኪ መጥቶ እጇን ጨበጠ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ። ስጦታ ሳንይዝ መጣን።»

«ብትሸነፉልን ይበቃናል» አለችው።

«እሱንማ በሰኔ ሰጠናችሁ» ብሎ ሳቀ።

የኪልበራን ጎረምሶች ከሎርካን ግብ ጀርባ ተኮልኩለው ሙሉውን ሰዓት የሠርግ ዘፈን ዘፈኑለት። ልጁ ግን እንደ ግንብ ቆመ። ሁለት ግብ አዳነ፤ አንዱን በገዛ ፊቱ መልሶ። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት በአንድ ነጥብ እንመራለን። ፊንታን ባርኔጣውን እየበላ ነው ብል አትመኑኝ፤ ጠርዙን ግን በጥርሱ ይዞታል።

ከዚያ ያቺ ኳስ መጣች። ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን የሚይዛት ዓይነት። ሎርካን ዘለለ፣ በሁለት እጁ ያዛት፣ ሜዳው በሙሉ እፎይ አለ። ምኑ እንደነካው እንጃ፣ ከእጁ ሙልጭ ብላ ወጥታ ከኋላው ገባች። ከአግዳሚው በታች ሦስት ነጥብ ነው። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ሎርካን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ጓንቱን አወለቀ። የቀለበት ጣቱ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ቀለበት አድርጎ መጫወት ክልክል ነው፤ እሱ ግን ጠዋት ያደረገችለትን አላወልቅም ብሎ፣ ሸፍኖ፣ ጓንት ደርቦበት ገብቷል። ዳኛው አላየም። ፊንታን ግን አየ።

ልጁን እንደማያውቀው ሰው አልፎት ሄደ። ቢሰድበው በተሻለ! ዞሮ ሜዳው መሃል ቆመና ለዓለም ሁሉ ጮኸ፦ «ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይሄን የጓሮ በር እዘጋዋለሁ! በምስማር ነው የምዘጋው!»

ሆቴል ገባን። ሾርባው መጣ፣ ሥጋው መጣ፣ ፊንታን ጀርባውን ለሙሽራው ሰጥቶ ግድግዳውን ያያል። ሎርካን ሥጋውን እየቆራረጠ ይተወዋል። ደርቭላ ደግሞ አባቷን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ የማለላት ያ ሰው የት ሄደ እያለች ነው። በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱን መታሁት፤ እግሩን አሸሸ እንጂ ወይ ፍንክች።

የአባት ንግግር ተራ ሲደርስ ተነሣ። እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። ምግቡን አመሰገነ። ከዚያ ኳሱ ውስጥ ገባ።

«እኔ ተሳስቼ ነበር» አለ። «የተሸነፈ ተሸንፏል! ሁለተኛ ዕድል ማለት የልፍስፍስ ወግ ነው። አንዴ ከእጁ ያመለጠው ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ደግሞ ልሞክር ብሎ ሰው ደጅ አይቁም!»

ሰው ሁሉ ሳህኑን አየ። ሎርካን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ሊወጣ ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ደርቭላ ቀድማኝ ተነሣች።

«አባዬ፣ ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው እኔ ልጨርስልህ። ሎርካን በገና አግቢኝ ብሎኝ ነበር። እንቢ ብዬዋለሁ።»

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።

«ተሸንፎ ነበር፣ አባዬ። ድባቅ ነው የመታሁት። በፋሲካ ግን ተመልሶ መጣ፤ ስለ ጎማ አንድም ቃል አላወራኝም፣ ሲፈራ ብቻ አየሁት፣ ያኔ ወደድኩት። በአንተ ሕግ ቢሆን በገና ወደ ቤቱ ሄዶ፣ እኔ ዛሬ ይሄን ቀሚስ አልለብስም ነበር። አሁን ለአንድ ኳስ ብለህ ባሌን ከገዛ ሠርጉ ልታባርርብኝ ነው?» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ምለህልኝ ነበር እኮ።»

ፊንታን ወደኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሂድ ደግመህ ጠይቃት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ምን ታረገኛለህ?»

ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ወንበር እየታከከ ጠረጴዛውን ዞሮ ሎርካን ፊት ደረሰ።

«ስንቴ ነው የጠየቅካት?»

«ሁለቴ» አለ ሎርካን፣ ቀና ሳይል።

«አንደኛው አመለጠህ።»

«አመለጠኝ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ያዝኩት።»

ፊንታን የልጁን ግራ እጅ አንሥቶ፣ ያን ጭቃ የነካው ፕላስተር ገና እንዳለ፣ አገላብጦ አየው። «እንግዲያው እጅህ ደህና ነው» አለ። ከዚያ አንገቱን አቅፎ ያለቀሰው ማልቀስ! አዳራሹ በጭብጨባ ሲሞላ የማላኪ ሰዎች ራሳቸው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጥተው በር ላይ የቆሙት፣ አብረው አጨበጨቡ።

«ቀለበቱን ግን ለጨዋታ ታወልቃለህ» አለ ፊንታን፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

«አያወልቅም!» አለች ደርቭላ።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ተራራ ሥር ያሉት በሩ ይዘጋ ብለው ጮኹ፣ ማላኪ ደግሞ በሩ ይቆይ ብሎ ተከራከረ፤ ደግሶ የበላበት በር እኮ ነው። ሊቀመንበሩ፣ የጓሮው በር ይዘጋ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ፊንታን ዞረ። ያ በምስማር ሊዘጋው የነበረው ሰውዬ ጣሪያውን እያየ ነበር፤ ሁለቱንም እጁን ከኪሱ አላወጣም።