የገጠመ ይብረር

ልብስ ሰፊዋ ልጇን «ከዳተኛ» ብለው ሲሰድቡባት ደስ ይላት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገርስ ለማን ይገባዋል? ውኃ ወረፋ ላይ ከኋላዋ የቆመች ሴት፣ የምታንሾካሹክ እየመሰላት፣ ጦርነቱን ጥሎ የሸሸው የዚች ልጅ ነው ስትል ሰፊዋ ጀሪካኗን ወደፊት ገፋ ታደርግና በሆዷ «አፍሽ ይባረክ» ትላለች። የሸሸ ሰው እግር አለው። እግር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ልጇ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «ብሎን» እያለ ይጠራዋል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ገና ፊደል ሳይቆጥር የእናቱን የስፌት መኪና በታትኖ መልሶ ሲገጣጥመው አንዲት ብሎን ተረፈችው። እናቱ ልትገርፈው ተነሥታ፣ እስቲ መጀመሪያ ጉዱን ልየው ብላ ክር ብታስገባ፣ መኪናው ከቀድሞው አሳምሮ ሰፋ። ይቺ ብሎን ታዲያ ከመጀመሪያው ምን ትሠራ ኖሯል ብላ እህቱ ሳቀች፤ ስሙም እዚያው ተጣበቀበት። ሃንጋር ሲገባም ተከትሎት ገባ፤ አለቆቹ ሳይቀሩ በዚያው ይጠሩት ጀመር።

በጦርነቱ መካከል አንድ ሄሊኮፕተር ቁስለኞች ሊያነሣ ወጥቶ አልተመለሰም። ከተራራው ወዲያ ተመትቶ ወደቀ ተባለ። የወደቀበት መሬት በጠላት እጅ ስለ ነበር ሄዶ ያየው የለም። የተሳፈሩት ሦስት ናቸው፤ ፓይለቱ፣ ረዳቱና መትረየስ ተኳሹ። ለሦስቱም ቤት መርዶ ተላከ። ያን ዕለት ማታ ሃንጋር ውስጥ ስም ሲጠራ ብሎን የለም። መካኒክ ደግሞ በረራ የለበትም፤ ሊሄድ የሚችለው በእግሩ ብቻ ነው። ከድቷል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የጦር ሰፈሩ ራሱ ተለቀቀ። ሃንጋሩ ነደደ፤ አብረውት የሠሩት ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ተማርከው የትም ቀሩ። «ቆዩ እንጂ፣ እሱ እኮ» የሚል አንድ ሰው ሳይገኝ ነገሩ እንደ ተባለ ጸና።

ወታደሮች ቤቷን ሊፈትሹ የመጡ ቀን ሰፊዋ መርዶ ይዘው የመጡ መስሏት ነበር። አንደኛው አጎንብሶ አልጋ ሥር በባትሪ ሲያበራ ግን ልቧ ተመለሰ። የሞተን ሰው አልጋ ሥር የሚፈልግ የለም።

ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ሸሚዝ ትሰፋለታለች። ልኩን ታውቀዋለች፤ ግን ሰው ሲጎለምስ ሆድ ያወጣል፣ አባቱም እንደዚያው ነበር ብላ ወገቡን ቀስ በቀስ ታሰፋዋለች። ሴት ልጇ አንድ ቀን ቁም ሣጥኑን ከፍታ የመጨረሻውን ሸሚዝ በአየር ላይ ዘረጋችውና፣ በዚህ አያያዝሽ ሲመጣ በበሩ አይገባም አለቻት። ተሳሳቁ። ልጅቷ ግን ቀድማ ሸሚዙን ወደ ቦታው መለሰች።

ለእሷ ስድቡ ስድብ ነበር። አስተማሪ ናት፤ ትዳር ይዛለች። አማቷ ገበታ ላይ፣ የልጅ ልጇ ከወንበር ዘሎ ሲሮጥ እያየች፣ መሮጥ በእናቱ ወገን ነው ትላለች፣ ፈገግ ብላ። ባልየው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት የዋጠችው እሷ ናት።

ሰላም ወርዶ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ከተራራው ወዲያ መንገድ የሚያወጡ ሠራተኞች ከሰል አክሳዮችን፣ ይህን ወንዝ በምን ትሻገራላችሁ ብለው ጠየቁ። አክሳዮቹ ድልድያቸውን አሳዩአቸው። ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝገት የማይነካው ነገር ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆንያ ተሸክመው ሲመላለሱበት ኖረዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ የቀድሞ ወታደር ነበርና ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። ከአናቱ የሚሽከረከረው የሄሊኮፕተር ክንፍ ነው። የቀረው አካል ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ገደል ሥር፣ ሐረግ ውጦት ተገኘ።

አንድ ሻለቃና አንድ የአጥንት ሐኪም የሚመሩት ቡድን ሄዶ አፈሩን በወንፊት ሲነፋ ከረመ። ሐኪሙ የተገኘውን አፅም አምጥቶ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ነጭ ጨርቅ በለበሱ ጠረጴዛዎች ላይ ይደረድር ጀመር። ያዘጋጀው ሦስት ጠረጴዛ ነበር። ሲጨርስ አራተኛ አስመጣ።

እሳቱም፣ ጎርፉም፣ ዘመኑም አፅሙን አቀላቅሎታል። ትልልቁን ግን ለይቷል። የሦስቱ ቤተሰቦች የዘር መለያ ናሙና ሰጥተው ከሦስቱ ጋር ተመሳክሮላቸዋል፤ አራተኛው የማንም አልሆነም። ያን ዕለት የጠፋ ሌላ ሰው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ከዳተኛ መካኒክ ስም መጣ።

ሻለቃውና ሐኪሙ ወደ ሰፊዋ ቤት ሲገቡ ደንበኞች መሰሏትና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ሻለቃው ነገሩን በለሆሳስ አስረዳት። እሷም በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ፣ ልጄ ሸሽቷል ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ፣ ያኔ ዋሽታችሁኝ ነው ወይስ አሁን ልትዋሹኝ ነው አለችው። ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ የአጥንት ሐኪም ከሆንክስ ይህን ጉልበቴን እይልኝ አለችው። ሐኪሙ፣ የእርስዎ ገና ያማል እናቴ፣ እኔ የማየው ማመም ያቆመውን ነው አላት። መልሱን ወደደችለት። በጥጥ የተጠቀለለች እንጨት አውጥቶ ከጉንጭዎ ውስጥ ትንሽ ልንካ ሲላት ግን ከንፈሯን ገጠመች። አፏን የምትከፍተው ለምግብና ለጸሎት መሆኑን ነግራ ሸኘቻቸው።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ እናቷን ሳታማክር ሄዳ የራሷን ሰጠች። አፅሙ በእሳት የተጎዳ ነውና መልሱ የእህት ናሙና ብቻ አይበቃም የሚል ሆኖ መጣ፤ ይመስላል እንጂ ነው አይልም፤ የእናት ያስፈልጋል። ሰፊዋ ይህችን «ይመስላል» ያዘቻት። ገበያ መካከል ስንት ሰው ብሎንን ይመስላል ብላ ተከራከረች።

«ስሙን ላጥራለት ብዬ ነው እማዬ» አለች ልጅቷ።

«ስሙን ስታጠሪ እሱን ልትጨርሺው።»

«አንቺ ልጅ እንዲኖርሽ እኔ የከዳተኛ እህት ሆኜ ልሙት?»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ለወትሮው የምትመጣበት ቀን ደርሶ አለፈ፣ አልመጣችም።

የመጡት የፓይለቱ አባት ናቸው። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ማን እንደ ሆኑ ተናግረው ገቡ። ሰፊዋ ወንበር ሳበችላቸው፤ ውኃ ቀዳችላቸው። ሽማግሌው ስለ ስፌት መኪናዋ ዕድሜ ጠየቁ፤ የእነዚህ እግር መርገጫ እንደማይሰበር አወሩ። የበሩ ደረጃ ቁመቷ ልክ አይደለም፣ ሰው ይወድቅባታል ሲሉ፣ እሷም፣ ውኃ ልክዎን ይዘው በመጡ ኖሮ አለች። ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው፤ ሳሉም የጤነኛ ሰው ሳል አልነበረም።

ቀጥለው ሐኪሙ የነገራቸውን ነገሯት። የእጅና የጣት አጥንቶች ገና አልተለዩም፤ አራተኛው ማን መሆኑ ሳይታወቅ የማንንም ሣጥን አይዘጋም። ሐኪሙ እምቢ ቢልም ከበላይ እየገፉት ነው፤ በግምት አከፋፍለህ አስረክብ ተብሏል።

«በግምት ቢያከፋፍልስ?» አለች። «አፈር እንደሆን አይመርጥ።»

«አፈርስ አይመርጥም። የምመርጠው እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «የሌላ ሰው ልጅ እጅ ታቅፌ ልጄ፣ ልጄ እያልኩ እንዳላለቅስ ነው። የወለደችው ሳታለቅስለት።»

«የእኔ ልጅ አልሞተም።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ ያጫውታቸው የነበረውን ያወሩ ጀመር። ሃንጋሩ ውስጥ «የገጠመ ይብረር» የሚሉት ደንብ ነበራቸው። አንድ ዋና ዕቃ የተቀየረ እንደሆነ የቀየረው መካኒክ በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል። ከክንፉ ማዞሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ድምፁን ያዳምጣል። ነፍሱን የሚያሳፍር ሰው አላልቶ አያስርምና ፓይለቶቹ ከማንም ፊርማ ይልቅ በዚህ ይተማመኑ ነበር። አለቆች ቢያውቁ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ የሚሳፈረውን መካኒክ ማንም አይመዘግበውም።

«እኔም አራተኛ ሰው ተገኘ እስኪባል ድረስ ጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ሰፊዋ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች እንጂ አልረገጠችውም። ብሎን በጠፋበት ዋዜማ ከጦር ሰፈሩ ደውሎላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የአንድ ሄሊኮፕተር ማዞሪያ አውጥቶ ሌላ ሲገጥም እንደ ሰነበተ፣ እጁ በቅባት ጠቁሮ በሳሙና እንደማይለቅ፣ ነገ እንደሚጨርስ አወራት። እሷም በልተህ ተኛ አለችው። ይህን ወሬ ለፈታሾቹም ለልጅቷም አልነገረችም። የሚነገር ነገር ያለውም አልመሰላትም ነበር፤ የሥራ ወሬ ነው። አሁን ሽማግሌው ይዘውት የመጡት ግማሽና እሷ ጋ የኖረው ግማሽ እንደ ሸሚዝ ሁለት ጎን ተጋጠሙ፤ መካከሉ ላይ ክፍተት ብትፈልግ አጣች።

ቁስለኞች ደም እየፈሰሳቸው ሲጠብቁ ለሙከራ በረራ ጊዜ እንዳልነበረ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የመጀመሪያው በረራ ያው ነበር።

«ለምን ነገሩኝ?» አለች።

«እኔ ብሆን ይነገረኝ እል ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ተሳስተዋል» አለች ሰፊዋ። ከዚያም ብርጭቆአቸው ጎድሎ አየችና ውኃ ጨመረችላቸው።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ለብዙ ቀን ሥራዋን ሠራች። የሰው ሱሪ አሳጠረች፣ የሰው ቀሚስ አጠበበች። ጸሎቷን ስታደርስ እንደ ልማዷ «ካለበት ጠብቀው» ልትል ትጀምርና «ካለበት» የምትለው ቃል ላይ ትቆማለች። በፈጣሪ ፊት ሸፋፍኖ ማለፍ አልሆነላትም። ሰው ፊት ያስቻላት ነገር እዚያ አላስቻላትም።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ከድና ብቻዋን ሆስፒታሉ ሄደች። ሐኪሙ ወንበር ሰጥቷት ቅዳሜና እሑድ ስለማይሠራው አሳንሰር ሊያወራላት ሲጀምር፣ ቶሎ በል አለችውና አፏን ከፈተች።

መልሱ ሲደርስ ሐኪሙ ስልክ አልደወለም፤ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ሲቆም ጨርቁ መርፌ ሥር ነበር፤ እስከ ጫፉ ሰፍታ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

«ልጅዎ ነው» አላት።

«የት ላይ ነበር?»

«ከኋላ፣ ከማዞሪያው ሥር። እንደ ተቀመጠ።»

ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «ያዳምጥ ነበር» አለች።

ለርክክቡ ምድር ቤቱ ውስጥ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የረዳቱና የመትረየስ ተኳሹ ቤተሰቦች ጠዋት መጥተው የየራሳቸውን ተረክበው ሄደዋል። ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ፣ ከድቷል የሚለው ቃል መሠረዙን፣ ብሎን በግዳጅ ላይ የወደቀ ወታደር ተብሎ እንደሚቀበር ተናገረ። ልጅቷ እናቷን ተደግፋ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ የሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ትከሻዋም ቀና ያለ ይመስል ነበር። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ወለሉን ያያል። ሰፊዋ የልጅቷን ጀርባ መታ መታ እያደረገች ሻለቃውን አየችው። ጥሩ ነገር የነገራት መሆኑን ከፊቱ ተረዳች።

ሐኪሙ ትንንሾቹን አጥንቶች ጨርሶ መለየቱን፣ አንዲት የብሎን የእጅ አጥንት ብቻ በስሕተት በፓይለቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ መክረሟን ገለጠ። ሊያነሣት ጓንቱን ሲያጠልቅ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ተወኝ ልጄ። እኔ ላቀብላቸው።»

አጥንቷን ከነተቀመጠችበት ነጭ ቁራጭ ጨርቅ አነሡ። ከዘራቸውን ጥለው ጠረጴዛውን በክርናቸው እየተደገፉ ዞሩ። ማንም ሊያግዛቸው አልተነቃነቀም። ሰፊዋ ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘረጋች። የመርፌ ማስቀመጫ ያህል እንኳ አትከብድም። ሐኪሙ በጣቱ ቦታዋን አሳያትና በአራተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጓደኞቿ ጎን አኖረቻት።

ሽማግሌው አጠገቧ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ወደ እሳቸው ዞረች። ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ የሞተበት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ካጽናናሁ መልሰው ያጽናኑኛል ብላ ትሸሽ ነበር።

«እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው።

«እርስዎንም ያጽናዎት» አሉ።

የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ አስተካከለች።

«አሜን» አለች።