ከሰማንያው ቀን በፊት

ካርሜላ ለይርገዱ እውነቱን የነገረቻት ለልጅቷ ብላ ነው ወይስ ለራሷ? መልሱን ካርሜላ አታውቀውም፤ ነገሩን የሚያወራም ሰው ገና አልደረሰበትም። ከመነሻው መጀመር ሳይሻል አይቀርም።

ካርሜላ ከማልታ ደሴት የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነው። መነኩሲት አይደለችም፤ በካቶሊክ ሚሲዮን ሥር ለሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ልታገለግል ፈቅዳ የመጣች ናት። የመጀመሪያውን ዓመት ደሴ ላይ አማርኛ ስትማርና ክሊኒክ ውስጥ ስትረዳ አሳለፈችው። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ረሃቡ የቆላውን ሰው ወደ ደጋ ሲያስወጣ መካነ ሰላም ዳር የሕፃናት መጠለያ ተከፈተና ወደዚያ ተላከች። የከተማው ልጆች ስሟን በሰሙ በማግስቱ «ከረሜላ» አሏት፤ እሷም አልከፋትም። ትልልቆቹ ግን ምን ብለው እንደሚጠሯት ቸገራቸው።

«ባል የለሽ፣ ቆብ የለሽ» አለቻት አንድ ቀን ወይዘሮ አስቻለች፣ የወተቱን በርሜል የምታማስለው ባልቴት። «ሴት ልጅ ወይ ታገባለች ወይ ትመነኩሳለች። አንቺ በየትኛው በኩል ነሽ?»

«በመሃል» አለች ካርሜላ።

«በመሃልማ ብርድ ነው።»

ቀኑ የሚጀምረው በውሃ ነበር። ካርሜላ ጎህ ሲቀድ ትነሳና በቆርቆሮው ክፍሏ ውስጥ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትጸልያለች፤ ከዚያ ውሃው ተቀድቶ፣ ተፈልቶ፣ በርዶ የዱቄት ወተቱ ይበጠበጣል። ስኳርና ዘይት ይጨመርበታል። ለባሰባቸው ሕፃናት በማንኪያ፣ ለተሻላቸው በኩባያ፣ ጥርስ ላወጡት የፋፋ ዱቄት ገንፎ። ከዚያ ሚዛን፤ ከዚያ ቅማል መልቀም፤ ከዚያ እንደገና ውሃ። ስትመጣ ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር። በደብዳቤዋ ለእናቷ የምትጽፈው ስለ ነፍስ ይሆናል ብላ አስባ፣ የምትጽፈው ስለ ተቅማጥ ሆነ።

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ የምትጸልየው በውል ምክንያት ነው። የመጠለያው ኃላፊ አባ ሄንድሪክ፣ የሆላንድ ሰው፣ ከአገሩ ካህናት ጋር ቁጭ ብለው ተስማምተዋል። በመጠለያው ሃይማኖት አይሰበክም፤ የካቶሊክ ሥዕል አይሰቀልም፤ ማንም ሕፃን አይጠመቅም። በምላሹ የደብሩ ቄስ ላቀው በየማለዳው መጥተው በርሜሉን በመስቀላቸው ይባርካሉ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። «ወተቱ ሃይማኖት ያስለውጣል» የሚል ወሬ ከመጠለያው ቀድሞ ነበር የገባው፤ ያለ ቄስ ላቀው መስቀል ያንን ወተት ለልጇ የምትሰጥ እናት አልነበረችም።

ይርገዱ በጥር መጨረሻ መጣች። ከከላላ በታች ካለ ቀበሌ፣ ባሏን በጥቅምት ቀብራ፣ ሦስት ቀን ሽቅብ ተጉዛ። በጀርባዋ የአምስት ሳምንት ሴት ልጅ አዝላለች፤ ብዙዬ ትላታለች። ጡቷ ደርቋል። ሕፃኗ ስትመዘን ሁለት ኪሎ አልሞላችም።

«ሰማንያ ቀኗን ታድርስልኝ እንጂ» አለች ይርገዱ፣ ሚዛኑን ሳታይ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ እናቲቱም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሳትጠመቅ የሞተች ልጅ ደግሞ ፍትሐት የላትም፤ ቅጥሩ ውስጥ አትቀበርም። ይርገዱ የልጇን ሞት የፈራችውን ያህል ይህንንም ትፈራ ነበር። በነጠላዋ ዘርፍ ላይ ለየቀኑ አንድ ቋጠሮ ትቋጥር ነበር።

በየካቲት፣ ሃምሳኛው ቋጠሮ ላይ፣ የብዙዬ ሰውነት ከረፋዱ በፊት ቀዘቀዘ። ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሿ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። ይርገዱ ጨርቅ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ነበር። ቄስ ላቀው ለቀብር ከተራራው ማዶ ሄደዋል። አባ ሄንድሪክ ደሴ ናቸው። ካርሜላ ሰው ወደ ወንዙ ሰደደችና ሕፃኗን በደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

በልጅነቷ የተማረችው ትምህርት ግልጽ ነበር። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሕፃን፣ ውሃ ካለና ቃሉን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ማንም ማጥመቅ ይችላል፤ እያወቀ ዝም ያለ ይጠየቅበታል። ውሉንም ታውቃለች። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መጡባት። የማብሊያውን ማንኪያ ፈልቶ ከበረደው ውሃ ሞልታ የሕፃኗ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰችና ቃሉን በገዛ ቋንቋዋ አለች። ማርታ አለቻት፤ የአያቷ ስም ነው።

ቀና ስትል አስቻለች በር ላይ ናት።

«ምን አደረግሽ?»

«ውሃ ሰጠኋት።»

«በግንባር ነው እንዴ የሚጠጣ?»

አስቻለች የተነደፈ ጥጥ አምጥታ የሕፃኗን ራስ አደረቀችና የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ እግሯ ሥር አደረገች። ይርገዱ እየሮጠች ስትደርስ ሁለቱም ለሕፃኗ በማንኪያ የስኳር ውሃ ሲሰጡ ነው ያገኘቻቸው።

ብዙዬ አልሞተችም። ለምን እንዳልሞተች የሚያውቅ የለም። ካርሜላ ዘጠኝ ቀን በየግማሽ ሰዓቱ በማንኪያ አበላቻት፤ በአሥረኛው ቀን ልጅቷ ኩባያ ስታይ አለቀሰች፣ መጠለያው ውስጥ ያሉት ሴቶችም የለቅሶዋን ድምፅ ሰምተው ሳቁ።

«ስሚኝ» አለቻት አስቻለች፣ በርሜሉን እያጠበች። «ያ ውሃ ፈሷል። ደርቋል። እኔም አላየሁ፣ አንቺም አላፈሰስሽ። ልጅቷ ቀኗ ሲደርስ አባ ላቀው ያጠምቋታል፣ አለቀ።»

«ሁለት ጊዜ አይጠመቅም፣ እትዬ አስቻለች።»

«ማን ሁለት አለ? እኔ አንድ ነው የማውቀው።»

የከተማው ራዲዮ በነዚያ ቀናት ሌላ ነገር ያወራ ነበር። ወታደሩ አመፀ፤ ሚኒስትሮቹ ከሥልጣን ወረዱ። ደሴ የሄደ ሾፌር ሁሉ አንድ አዲስ ወሬ ይዞ ይመለሳል። ገበያተኛው ራዲዮ ያለበት በር ላይ ይቆምና፣ ሰምቶ ይሄዳል። ካርሜላ ግን የምትሰማው የገዛ ጭንቅላቷን ነበር።

ይርገዱ በስድሳ አምስተኛው ቀን የብዙዬን ክርስትና እናት እንድትሆን ጠየቀቻት።

«ሌላ ማን አለኝ?» አለች። «ዘመድ የሚባል ቆላ ቀርቷል። አንቺ አይደለሽ ከአፈር ያነሳሻት?»

ካርሜላ እንቅልፍ አጣች። በእሷ እምነት ልጅቷ ተጠምቃለች፤ ይህን እያወቀች ሁለተኛ ስትጠመቅ ነጠላ ዘርግታ መቀበል የተቀደሰ ነገር ላይ መቀለድ መሰላት። ዝም ብላ እምቢ ብትል ደግሞ ይርገዱን ማሳዘን ነው። አባ ሄንድሪክ ሲመለሱ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ሄንድሪክ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ካህን ነኝ፤ ትምህርቱን አልረሳሁትም» አሉ። «ግን ዝም በይ። ቄስ ላቀው ያጥምቋት። እግዚአብሔር የቱን እንደሚቆጥር ለእሱ ተይለት። ልጅቷ ገና ሦስት ኪሎ አልገባችም። ሁለት ወር ወተት ያስፈልጋታል። የአንቺ ሥራ እሱ ነው።»

«መዋሸት ነው ግን።»

«መሸከም ነው» አሉ አባ ሄንድሪክ።

ስድስት ቀን ተሸከመችው። በሰባተኛው ቀን፣ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ ፀሐይ ላይ ሆነው ከይርገዱ ጋር ጨርቅ ያጥቡ ነበር። ብዙዬ በስንደዶ ቅርጫት ውስጥ ተኝታለች።

«ይርገዱ፣ ክርስትና እናት ልሆናት አልችልም።»

«አብሽሪ፣ ምኑን ፈራሽው? የማተቡን ክር እኔ እፈትላለሁ። አንቺ መቀበል ብቻ ነው።»

«ተጠምቃለች።»

ይርገዱ የምትጨምቀውን ጨርቅ ያዝ አደረገች። «ማን አጠመቃት?»

«እኔ። ያን ቀን፣ ወንዝ በወረድሽ ጊዜ።»

ይርገዱ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ሳቋ ሳያልቅ የካርሜላን ፊት አየች።

«እናንተ ዘንድ ሴት ታጠምቃለች እንዴ?»

«ልጅ ሊሞት ሲል ማንም ያጠምቃል።»

«በምን ውሃ?»

«በዚሁ። ለወተት ባፈላነው።»

«ማን ብለሽ?»

«ማርታ።»

ይርገዱ ስሙን በከንፈሯ ሞከረችው፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ወደ ቅርጫቱ አየች። «የካቶሊክ ሆነች ማለት ነው?»

«የክርስቶስ ሆነች ማለት ነው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ። አባ ላቀው ይህን ሲሰሙ አላጠምቅም ይላሉ?»

ካርሜላ እዚህ ላይ «ያጠምቋታል» ማለት ትችል ነበር። አስቻለች ያለችው ይህንኑ ነው፤ አባ ሄንድሪክም እንደዚያው። ግን ቄሱን አልጠየቀቻቸውም፤ ያላረጋገጠችውን መናገር ሌላ ውሸት መሰላት።

«አላውቅም» አለች።

«እሺ» አለች ይርገዱ። የያዘችውን ጨርቅ ጨምቃ ጨረሰች፤ የቀሩትንም አጥባ አንድ በአንድ በአጥሩ ላይ አሰጣች። ከዚያ ካርሜላን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት። ካርሜላ ደረቷ ቀለላት። ያን ቀን ምሳዋን በደንብ በላች፤ ኋላ ላይ አጥብቆ ያሳፈራት ይህ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የይርገዱ ቦታ ባዶ ነበር። የመጠለያው ብርድ ልብስ ተጣጥፏል፤ ኩባያውና ማንኪያው ታጥበው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ለመንገድ የሚሰጠውን ፋፋ እንኳ አልጠየቀችም።

ካርሜላ ሌሎቹም እናቶች ይወጣሉ ብላ ጠበቀች። አንድም አልወጣም። ቄስ ላቀው እንደ ወትሮው መጥተው በርሜሉን ባረኩ፤ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ተሰለፉ። ይርገዱ ለማንም አልተናገረችም። የመጠለያውን ወተት ለሌሎች ልጆች ትታ፣ የራሷን ልጅ ብቻ ይዛ ነው የሄደችው።

ካርሜላ ያን ጊዜ ወደ ቄስ ላቀው ሄደች። ቤታቸው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። መጽሐፉን ሳይዘጉ ሰሟት።

«በሃይማኖቴ ያ ጥምቀት አይደለም» አሉ ስትጨርስ። «ከመቃብር አፋፍ ላይ ቆመሽ ሰው የሚያደርገውን አድርገሻል እላለሁ እንጂ። ልጅቷን እንደ ማንኛዋም አጠምቃት ነበር፤ እናቲቱንም አጽናናት ነበር። እኔ እዚሁ ነበርሁ፣ ልጄ። በየማለዳው በርሜሉ ዘንድ አይደለሁም? ለእኔ ሳትነግሪ ለእሷ የነገርሽው ለምንድን ነው?»

ካርሜላ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ስለ እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ለዚህ ጥያቄ አልሆነም።

ሁለት ጊዜ ወደ ከላላ ገበያ በበቅሎ ሄደች። በመጀመሪያው ጊዜ አንዲት ጌሾ ሻጭ ሕፃን ያዘለች ሴት ቁልቁል ስትወርድ አይቻለሁ አለቻት። በሁለተኛው ጊዜ የሚያውቅ አልተገኘም።

«እዚህ አንቺ እያለሽ አትመጣም» አለቻት አስቻለች፣ ስትመለስ። ቁጣ አልነበረባትም። «ቂም ይዛ አይደለም። ስታይሽ ያ ውሃ ይታያታል። ልጇን ማርታ ብለሽ የምትጠሪባት ይመስላታል። እኔም ብሆን አልመጣም።»

በማግስቱ ካርሜላ ወደ ደሴ እንዲያዛውሯት አባ ሄንድሪክን ጠየቀች።

«ራስሽን መቅጣትሽ ከሆነ አልፈቅድም» አሉ። «ሰው ያንሰናል።»

«ቅጣት አይደለም። ለይርገዱ የምልከው መልእክት እውነት እንዲሆን ነው።»

አባ ሄንድሪክ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሯትም።

ከላላና መካነ ሰላም የሚመላለስ ፈንታው የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ይርገዱ ማንበብ አትችልም፤ መልእክቱ በቃል መሄድ አለበት። ቄስ ላቀው፣ አስቻለችና ካርሜላ በአስቻለች ደጃፍ ፈንታውን አቁመው ደጋግመው አስያዙት። በመሃል አንድ ቃል ሲጨምር አስቻለች ትቆጣዋለች።

«ኧረ እኔ እናንተ ሦስታችሁ እንደምትሉት ሞኝ አይደለሁም» አለ ፈንታው። «የበቅሎ ዋጋ ስይዝ ነው የኖርሁት።»

«የበቅሎ ዋጋ ላይ ትጨምራለህ፤ እዚህ ላይ ግን አትጨምርም» አለችው አስቻለች።

በመጨረሻው ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አንድም ሳያጎድል አለው፦

«ይርገዱ፣ እንዴት ሰነበትሽ። ቄስ ላቀው ብዙዬን እንደ ማንኛዋም ልጅ አጠምቃለሁ ብለዋል፤ ሰማንያው ቀን ቢያልፍም ግድ የለም። ክርስትና እናቷ አስቻለች ትሆናለች። ወተቱ አለ፣ ቦታሽም አለ። ካርሜላ ከዚህ ሄዳለች፤ አትመለስም።»

ፈንታው በቅሎዎቹን እየነዳ ወጣ። ካርሜላም በዚያው ቀን ደሴ በሚሄደው የጭነት መኪና፣ ከባዶ የወተት ጆንያዎች ላይ ተቀምጣ ሄደች።

ፈንታው መልእክቱን ከላላ ገበያ ላይ ለይርገዱ ቀበሌ ሰው ሰጥቷል፤ ሰውየው ቃሉን ይዞ ቆላ ሲወርድ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ፋሲካ አለፈ፤ ክረምቱ ገባና መንገዱን ቆረጠው፤ በመስከረም ንጉሡ ወረዱ፣ አገሩም ሌላ ሆነ። አስቻለች ደሴ በሚወርድ ሾፌር ሁሉ ለካርሜላ ቃል ትልክ ነበር፤ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው። የይርገዱን ቦታ ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም፤ ግን ከቆላ የመጣ መልስ የለም።