ሁለተኛው ዲስክ

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጥቂት አጓርቶ ጸጥ አለ። እሌኒ አጠፋችው። ከጠረጴዛዋ ማዶ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከቁንዝላ በጀልባ የመጡት ይፋግ ትኖር የነበረችውን ሴት ልጃቸውን ፍለጋ ነው። በዚያ በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. ጥር ጦርነቱ ይፋግ ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ባሕር ዳር ሸሽቶ፣ ስሙ በዚህች የተፈናቃዮች መመዝገቢያ ክፍል ተመዝግቦ ነበር።

«መዝገቡ ጠፋ ማለት ነው?» አሉ።

«የለም አባ። የተበላሸው ማሽኑ የሚነሣበት ዲስክ ነው፤ መዝገቡ ሁለተኛው ላይ አለ። ግን አለቃዬ አትንኪው ብለዋል፤ ነገ አዲስ አበባ ይላካል።»

መሪጌታ አልለመኗትም። እሌኒ አለቃዋ እንዳያዩ በሩን ዘጋችው።

የቀድሞው ባለሙያ አንዳርጋቸው፣ ለውትድርና ሳይወሰድ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዩኒክስ የሚባለውን ሥርዓት በሁለተኛው ዲስክም ላይ ጭኖት ነበር። ማስነሻውን ያሳያት አንድ ቀን ብቻ ነው። ማስነሻው ያለበትን ትንሽ ተንቀሳቃሽ ዲስክ፣ ፍሎፒውን፣ ማሽኑ ውስጥ ከትታ አበራችው። ማሽኑ ከየት እንደሚነሣ ሲጠይቃት የሁለተኛውን ዲስክ ስም ጻፈች። ሥርዓቱ መነሣት ጀመረና ፋይሎቹን ከሞተው ዲስክ ፈልጎ አጣ፤ ቆመ። ለካስ መነሻውን ብቻ ሳይሆን ፋይሎቹ የሚያድሩበትንም ዲስክ መንገር ያስፈልግ ኖሯል። እንደገና አበራችና ሁለቱንም ጻፈች። መስመሮች ተከታትለው ወረዱ፤ ማሽኑ ትእዛዝ ጠበቀ።

«ስሟን ይንገሩኝ።»

«ወለተ ኪዳን መርስዔ ኀዘን።»

መዝገቡ በላቲን ፊደል ስለሆነ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈለገችው። የለም።

መሪጌታ መስኮቱን አዩ። «እናቷ እናትዓለም ትላት ነበር» አሉ።

እናትዓለም ተብላ አንዲት ብቻ ተገኘች፤ ዕድሜ ሃያ አራት፣ ከይፋግ፣ ከአንድ ሕፃን ጋር ወደ ዱርቤቴ የተላከች።

«የአባቷን ስም አንብቢልኝ።»

እሌኒ አመነታች። «አለበል ይላል።»

«የእናቷ ወንድም ነው።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ወታደር አገባሁ ብትለኝ፣ ከእንግዲህ አባት የለሽም አልኋት። ሕፃን መኖሩን አላወቅሁም።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሌኒ ልጃቸው የተላከችበትን ሰፈር አድራሻ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው፤ የዱርቤቴ አውቶቡስ በስምንት ሰዓት እንደሚነሣም ነገረቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ እዚያ ስደርስ የማን ልጅ ብዬ ልጠይቅ?»